ከሠርተፍኬቱ በኋላ ምን ተለወጠ?

በማኅበራችን የ25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ በትምህርትና ሥልጠና ንዑስ ኮሚቴ የቀረበ ንግግር፣ ናይሮቢ





 

ወላጆቻችን «የተማረ ይግደለኝ» ይሉ ነበር። ይህ እምነት ከአገር ስንወጣ አብሮን ወጥቷል። እዚህ ናይሮቢ ውስጥ ምግብ ቤት የከፈተውም፣ ጋራዥ ያቋቋመውም፣ በጭነት መኪና ሥራ የተሰማራውም ሆነ በቢሮ የተቀጠረው ወገናችን ልጁንም ሠራተኛውንም ለማስተማር ኪሱን አይቆጥብም። ማኅበራችንም ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ ከአባላት መዋጮ ለሥልጠና ሲያወጣ ቆይቷል። በየዓመቱ በጠቅላላ ጉባኤው ፊት «ይህን ያህል ሰው አሠልጥነናል» እያልን ሪፖርት ስናቀርብ እናንተም አጨብጭባችሁልናል።

ዛሬ የምናነሣው ጥያቄ ከጭብጨባው በኋላ የሚመጣውን ነው። ሠልጣኙ ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላ ምን ተለወጠ? እውነቱን ለመናገር ይህን ጥያቄ ለብዙ ዓመታት አልጠየቅነውም ነበር። የቆጠርነው ሠርተፍኬት ነው።

ሚስማር ላይ የተሰቀለው መዝገብ

ንዑስ ኮሚቴያችን በአንድ ወቅት ለምግብ ቤት ሠራተኞች አጭር ሥልጠና አዘጋጅቶ ነበር። በአምስት ቅዳሜዎች ከሰዓት በኋላ የዕቃ ግምጃ ቤት አመዘጋገብ፣ የወጥ ቤት ንጽሕና አጠባበቅና የእንግዳ አቀባበል ተሰጠ። በመጨረሻው ቀን ሠልጣኞቹ የአስተያየት ቅጽ ሞሉ፤ ምልክቱ ሁሉ «በጣም ጥሩ» በሚለው ሳጥን ውስጥ ነበር ማለት ይቻላል። ሠርተፍኬት ታደለ፣ ፎቶግራፍ ተነሣን፣ ቡናም ተፈላ። እኛም ሥራችንን የጨረስን መስሎን ወደየቤታችን ገባን።

ከአራት ወር በኋላ ለሁለተኛው ዙር ገንዘብ ለመጠየቅ ስንዘጋጅ አንድ አባላችን «የመጀመሪያውስ ምን አመጣ?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። ስለዚህ ሠልጣኞቹ የሚሠሩባቸውን ቤቶች ዞረን ለማየት ወሰንን።

በአንደኛው ቤት እኛው ያደልነው መዝገብ ጓዳው በር ላይ በሚስማር ተሰቅሏል። ገለጥ ስናደርገው የተጻፈበት አንድ ገጽ ተኩል ብቻ ነው። ሠልጣኟን ለምን እንዳቆመች ስንጠይቃት አንገቷን ደፍታ፣ «ጋሼ፣ የጓዳው ቁልፍ ያለው እትዬ ጋ ነው። እሳቸው ዱቄቱንም ቅቤውንም ሲያወጡ እኔ ምድጃ ላይ ነኝ። ያላየሁትን ምን ብዬ ልጻፍ?» አለችን። የቤቱን ባለቤት ስናነጋግራቸው ደግሞ፣ «ልጅቷን አምስት ቅዳሜ ሙሉ ፈቅጄ ላክሁ። ምን እንደተማረችና ከእኔ ምን እንደሚጠበቅ ግን ማን ነገረኝ?» አሉን። እውነታቸውን ነው። ያልነገርናቸው እኛ ነን። ልጅቷ ትምህርቱን አልረሳችውም፤ ቁልፉን ማግኘት ነው ያልቻለችው።

በሁለተኛው ቤት ነገሩ የተለየ ነበር። ባለቤቱ በመጨረሻው ቅዳሜ መጥተው ከሠራተኛቸው አጠገብ ተቀምጠው ተምረዋል። መዝገቡ በየማታው ይሞላል፤ የጤፍ ዱቄት በስንት ቀን እንደሚያልቅ፣ የትኛው ሥጋ ሳይበላሽ መውጣት እንዳለበት ይታወቃል። ደስ አለን። ነገር ግን «ከሥልጠናው በፊት በወር ምን ያህል ይበላሽባችሁ ነበር?» ብለን ስንጠይቅ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። መነሻው ስላልተመዘገበ የተገኘውን ለውጥ በቁጥር መናገር አልቻልንም።

በሦስተኛው ቤት ባለቤቱ፣ «ከሥልጠናው ወዲህ ገበያዬ ጨምሯል» ብለው መረቁን። ምርቃቱን ተቀበልን። ቤታችን ገብተን ስናስብ ግን ሥልጠናው የተጠናቀቀው በዐቢይ ጾም ማብቂያ ላይ መሆኑን አስታወስን። ከፋሲካ በኋላ የትኛው የአበሻ ምግብ ቤት ነው ገበያው የማይጨምር? ገበያውን ያመጡት የሠለጠኑት አስተናጋጆች ይሁኑ ወይስ የጾሙ መፈሰክ፣ ልንለየው አልቻልንም።

እነዚህ ሦስት ቤቶች ከብዙ ንግግር የበለጠ አስተምረውናል። ዛሬ የምንላችሁም ከዚያ የተገኘ ነው።

አራቱ ጥያቄዎች

የሥልጠናን ፋይዳ እንዴት እንደሚመዝኑ የዓለም ድርጅቶች ሁሉ የሚጨነቁበት ጉዳይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአሜሪካ የዊስኮንሰን ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ዶናልድ ኪርክፓትሪክ ከ1959 ጀምሮ ባወጧቸው ተከታታይ ጽሑፎች ሥልጠና በአራት ደረጃ እንዲመዘን ሐሳብ አቀረቡ። ይህ አሠራር እስከ ዛሬ ድረስ በብዙ አገር ይሠራበታል። እኛም ወደ ራሳችን ቤት አምጥተን እንየው።

አንደኛው ጥያቄ «ሠልጣኙ ሥልጠናውን ወደደው ወይ?» የሚል ነው። ይህ በአስተያየት ቅጽ ይታወቃል። ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን የአስተማሪውን ጨዋታ አዋቂነትና የሻዩን ጣዕምም አብሮ ይለካል። በባህላችን ደግሞ ያስተማረን ሰው ፊት ለፊት መንቀፍ ነውር ስለሆነ «በጣም ጥሩ» የሚለው ምልክት ከአክብሮት የመጣ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው «ሠልጣኙ አወቀ ወይ?» የሚል ነው። ይህን ለማወቅ ከትምህርቱ በፊትና በኋላ ፈተና መስጠት ያስፈልጋል፤ በኋላ ብቻ ከሆነ ግን ቀድሞ የሚያውቀውን ከአሁኑ መለየት አይቻልም። ለወጥ ቤት ሠራተኛ ከወረቀት ፈተና ይልቅ ሠርታ እንድታሳይ ማድረግ ይሻላል።

ሦስተኛው «ያወቀውን በሥራው ላይ አዋለው ወይ?» የሚል ነው። ይህ በአዳራሽ ውስጥ አይመለስም፤ ወደ ሥራ ቦታው ሄዶ በዓይን ማየትን ይጠይቃል። ሚስማር ላይ የተሰቀለውን መዝገብ ያገኘነው እዚህ ላይ ነው።

አራተኛው «ለድርጅቱ ምን ውጤት ተገኘ?» የሚል ነው። የሚበላሸው ዕቃ ቀነሰ ወይ? የደንበኛ አቤቱታ ቀነሰ ወይ? አደጋ ቀነሰ ወይ? ሠራተኛው በሥራው ቆየ ወይ?

ኋላ ላይ ጃክ ፊሊፕስ የተባሉ ባለሙያ አምስተኛ ጥያቄ ጨመሩ፤ እርሱም «የወጣው ገንዘብ ተመለሰ ወይ?» የሚል ነው። ይህን በምሳሌ እናስረዳ። ቁጥሩ ለማስረጃ ያህል የቀረበ እንጂ የማንም ቤት ሂሳብ አይደለም። አንድ ምግብ ቤት ለሥልጠና 60,000 ሺልንግ ከፈለ፤ ሠራተኞቹ በሥልጠናው ሰዓት ባለመኖራቸው ደግሞ 20,000 ሺልንግ አጣ እንበል። ጠቅላላ ወጪው 80,000 ነው። ከሥልጠናው በኋላ ይበላሽ ከነበረው ዕቃ በወር 10,000 ሺልንግ ቢያተርፍ በዓመት 120,000 ይሆናል። ወጪው ሲቀነስ 40,000 ይተርፋል፤ ይህም የወጪው 50 በመቶ ነው። ነገር ግን በዚያው ወር ባለቤቱ አዲስ ማቀዝቀዣ ገዝተው ቢሆንስ? ከትርፉ ግማሹን ያመጣው ማቀዝቀዣው ከሆነ የሥልጠናው ድርሻ 60,000 ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ሥልጠናው በመጀመሪያው ዓመት ወጪውን እንኳ አልመለሰም ማለት ነው። ስለዚህ የማቀዝቀዣውን ድርሻ ለሥልጠናው የሰጠ ሰው ራሱን ያታልላል።

ይህን ለመለየት ቀላሉ ዘዴ ማወዳደር ነው። ከሁለት ቤቶች አንዱን አስቀድሞ ማሠልጠንና ሁለተኛውን ከሦስት ወር በኋላ ማሠልጠን ይቻላል። ጾሙም ፋሲካውም ለሁለቱም እኩል ስለሚደርስ በመካከላቸው የሚታየው ልዩነት ስለ ሥልጠናው የተሻለ ይነግረናል።

ጥፋቱ የሠልጣኙ ብቻ አይደለም

አንድ ሥልጠና ፍሬ ሳያፈራ ሲቀር ብዙ ጊዜ «ልጁ አልገባውም» ወይም «ልጅቷ ሰነፍ ናት» ይባላል። በ1988 ባልድዊንና ፎርድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በዚህ ጉዳይ የተጻፉትን ጥናቶች ሰብስበው ሲመረምሩ የተማሩት ነገር በሥራ ላይ መዋሉን የሚወስኑትን ነገሮች በሦስት ከፍለው አስቀመጡ። እነርሱም የሠልጣኙ ችሎታና ፍላጎት፣ የሥልጠናው አሰጣጥ፣ ሠልጣኙ ተመልሶ የሚገባበት የሥራ ቦታ ናቸው። ሦስተኛው ማለት የአለቃው ድጋፍና የተማሩትን ለመሞከር የሚገኘው ዕድል ነው። በእኛ ቋንቋ የጓዳው ቁልፍ ማለት ነው።

የጊዜው ነገርም አለ። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ በራሱ ላይ ባደረገው ሙከራ የተጠና ነገር ካልተደጋገመ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ እንደሚረሳ በ1885 ጽፏል። ከሥልጠና ተመልሳ ለአራት ወር መዝገብ ያልነካች ሠራተኛ ቁልፉን ብታገኝ እንኳ እንደገና ማስታወስ ያስፈልጋታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ትልቅ ዋጋ አለው።

ከአገራችን የምናገኘው ትምህርት

ለዚህ ጉዳይ ምሳሌ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ብዙዎቻችን ለበዓልም ለኀዘንም ወደ አገር የምንሄድበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 የተቋቋመው ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ኩባንያ ጋር በተደረገ ስምምነት ነው። የመጀመሪያዎቹ አብራሪዎችና ኃላፊዎች አሜሪካውያን ነበሩ። የሥልጠናው ግብ ግን የታወቀ ነበር፤ ሥራውን ኢትዮጵያውያን እንዲረከቡት ነው። በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የንግድ አውሮፕላን አዛዥ ሆኑ። በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ሰምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተሾሙ። ከምሥረታው እስከ መጀመሪያው አዛዥ 12 ዓመት፣ እስከ ዋና ሥራ አስኪያጁ 26 ዓመት ፈጅቷል። እዚህ ላይ የሥልጠናው ፍሬ የሚታየው ወንበሩ ላይ ማን ተቀመጠ በሚለው ነው።

ደግሞም ልብ በሉ፤ አንድ አብራሪ ፈቃዱን ካገኘ በኋላ አይተውም። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ደንብ መሠረት በዓመት ሁለት ጊዜ ችሎታው ይፈተሻል። የሰው ሕይወት ባለበት ቦታ «ሠርተፍኬቱ ግድግዳዬ ላይ አለ» የሚል መልስ አይሠራም።

ሁለተኛው ምሳሌ ካይዘን የተባለው የጃፓን የሥራ አመራር ዘዴ ነው። ከ2009 ጀምሮ በጃፓን መንግሥት ትብብር በኢትዮጵያ ውስጥ በ30 ድርጅቶች ሙከራ ተደርጎ በ2011 የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። በዚህ ዘዴ ሥልጠናው የሚሰጠው እዚያው በሥራው ቦታ ነው። አንድ ሠራተኛ መፍቻ ለመፈለግ ስንት ደቂቃ ያጠፋል፣ ስንት ዕቃ ተበላሽቶ ይጣላል የሚለው አስቀድሞ ይቆጠራል። መነሻው ስለሚታወቅ መድረሻውን መናገር ይቻላል። ጋራዥ ያላችሁ ወንድሞች ነገ ጠዋት ያለ ምንም ወጪ ልትጀምሩት የምትችሉት ነገር ነው።

እንግድነት ባገኘንበት በኬንያም ለሠራተኛ ሥልጠና የሚሆን መዋጮ በሕግ ተደንግጓል። ተመኑ አሠሪው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በወር 50 ሺልንግ ሲሆን ሥራውን የሚመራው ብሔራዊ የኢንዱስትሪ ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። በደንቡ መሠረት አስቀድሞ ተፈቅዶ የሠራተኛ ሥልጠና የሰጠ አሠሪ ካወጣው ወጪ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። መዋጮውን እየከፈሉ ይህን መብት የማይጠቀሙ አባሎቻችን ጥቂቶች አይመስሉንም።

ለማን ነው የምንለካው?

አንድ አሠሪ አባላችን በምሬት የነገሩን ነገር አለ። «አሠልጥኜ ለሌላ አስረከብሁ። ልጁ ሥራውን ከለመደ በኋላ ሆቴል ተቀጥሮ ሄደ» አሉን። ምሬታቸው ይገባናል። ለእርሳቸው ቤት ሂሳቡ ኪሳራ ነው። ለማኅበራችን ግን ያ ወጣት የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ እናቱን መርዳት መጀመሩ ኪሳራ ነው ልንል አንችልም።

ሥልጠና ሲመዘን መዛኙ ማን እንደሆነ መታወቅ አለበት የምንለው ለዚህ ነው። አሠሪው ትርፉን ያያል፣ ሠራተኛው ኑሮውን ያያል፣ ማኅበሩ ሁለቱንም ያያል። አሠሪው ያሠለጠነውን ሠራተኛ ለማቆየት ከሥልጠናው ጋር የደመወዝ ወይም የኃላፊነት ዕድገት ቢያስብ ሁለቱ ሊገናኙ ይችላሉ። መዝገብ መያዝ የተማረችውን ልጅ ቁልፍ ያዥ ማድረግ ለእርሷም ዕድገት ነው፤ ለቤቱም ጥበቃ ነው።

«ግምገማ» ሲባል ከመካከላችን ደንገጥ የሚል እንዳለ እናውቃለን። ቃሉ በአገራችን ሰው ማስጨነቂያ የሆነበት ጊዜ ነበርና። እኛ የምንለው ግን እርሱን አይደለም። የሚመዘነው ሥልጠናው ነው እንጂ ሰውዬው አይደለም። ሠራተኛዋ እውነቱን ብትናገር እንጀራዋን እንደምታጣ ከጠረጠረች መዝገቡን በአንድ ሌሊት ሞልታ ትጠብቀናለች። የተሞላ መዝገብ አግኝተን ምንም ሳናውቅ እንመለሳለን ማለት ነው።

ሁሉ ነገር በገንዘብ ይለካል ብለንም አናምንም። አንገቷን ደፍታ ትሠራ የነበረች ልጅ ቀና ብላ ከእንግዳ ጋር ስትነጋገር ማየት በሺልንግ አይተመንም። ነገር ግን የማይተመነውንም ቢሆን ጠይቆ መጻፍ ይቻላል። ሮበርት ብሪንከርሆፍ የተባሉ ባለሙያ በ2003 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ እኛ አቅሙ አነስተኛ ለሆነ ማኅበር የሚስማማ ዘዴ አሳይተዋል። ከሠልጣኞቹ መካከል እጅግ የተሳካላቸውን ጥቂቶችና ፈጽሞ ያልተሳካላቸውን ጥቂቶች ፈልጎ «ምን ረዳህ? ምን አሰናከለህ?» ብሎ በጥንቃቄ መጠየቅ ነው። እኛ ሳናውቀው በሦስቱ ቤቶች ያደረግነው ይህንኑ ይመስላል።

ለሚቀጥለው ዙር የምናቀርበው ሐሳብ

በዚህ የኢዮቤልዩ በዓል የሚሰበሰበው ገንዘብ ከፊሉ ለሥልጠና እንዲውል ታስቧል። ገንዘቡ የእናንተ ነው፤ የሌሊት ሥራ ሠርታችሁ፣ ሱቅ ውላችሁ ያገኛችሁት ነው። ስለዚህ ንዑስ ኮሚቴያችን የሚከተሉትን አምስት ነጥቦች ለጉባኤው ያቀርባል።

1ኛ. ሥልጠና ከመጀመሩ በፊት «ምን እንዲለወጥ ነው የምንፈልገው?» የሚለው በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ። መጻፍ ካልቻልን ሥልጠናው ይቆይ። ችግሩ የደመወዝ ወይም የዕቃ እጥረት ከሆነ ሥልጠና አይፈታውም።

2ኛ. መነሻው ይመዝገብ። ቢያንስ ለአንድ ወር የሚበላሸው፣ የሚዘገየው ወይም አቤቱታ የሚቀርብበት ነገር ይቆጠር።

3ኛ. አሠሪው ከሠራተኛው ጋር አብሮ ይጠራ። ሥልጠናው ሲያልቅ ለሠራተኛው ምን እንደሚፈቅድለት፣ ቁልፍም ቢሆን ጊዜም ቢሆን፣ አስቀድሞ ቃል ይግባ።

4ኛ. ንዑስ ኮሚቴው በመጀመሪያው ወር፣ በሦስተኛው ወርና በስድስተኛው ወር ወደ ሥራ ቦታው ሄዶ ይይ። ሠርተፍኬቱም በመጨረሻው ቅዳሜ መሆኑ ቀርቶ በሦስተኛው ወር ጉብኝት ላይ ይሰጥ።

5ኛ. ለጠቅላላ ጉባኤው የሚቀርበው ሪፖርት የተሳካውን ብቻ ሳይሆን ያልተሳካውንም ይናገር።

አራተኛው ነጥብ አንዳንዶቻችሁን ቅር ሊያሰኝ ይችላል። የምረቃው ቀን ፎቶግራፍ ለወላጅም ለሠልጣኝም ደስታ ነው። ደስታው አይቀርም፤ ትንሽ ይዘገያል እንጂ። ያን ጊዜ የምንነሣው ፎቶግራፍ ከተሞላው መዝገብ ጋር ይሆናል።

ንግግራችንን ከመዝጋታችን በፊት ያቺ ሠልጣኝ ምን እንደ ደረሰች ልትጠይቁን ትችላላችሁ። ከዚያ ጉብኝት በኋላ ባለቤቷን ይቅርታ ጠይቀን፣ ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጠን፣ መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ አንሥተን አየነው። እትዬ ሳቅ ብለው የጓዳውን ቁልፍ ከወገባቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «እስቲ ለአንድ ወር ትሞክረው» አሉ። ቁልፉ ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ዘንድ ነው። እኛ ለዚያ ቤት ያደረግነው ተጨማሪ ሥልጠና የለም፤ ተመልሰን መጠየቃችን ብቻ ነው። ያንን በአራተኛው ወር ሳይሆን በመጀመሪያው ሳምንት ብናደርገው ኖሮ አራት ወር ባልጠፋ ነበር።

ማኅበራችን 25 ዓመት የቆየው እርስ በርስ ስለምንጠያየቅ ነው። የታመመ እንጠይቃለን፣ ያዘነ እንጠይቃለን። ያሠለጠንነውንም ሰው በሥራው ቦታ ሄደን እንጠይቅ።

ለሚቀጥለው ኢዮቤልዩ በሰላምና በጤና ያድርሰን።